ሰማያዊ ክር ያለባት ጭልፋ

«ፈይሩዝ! ተኛሽ እንዴ?»

ፈይሩዝ አልተኛችም፤ ዓይኗን ጨፍና ቆማ ነው እንጂ። በአንድ እጇ የድስት ክዳን፣ በሌላው ጭልፋ እንደያዘች፣ መተኛትና ዓይን መጨፈን አንድ አለመሆናቸውን ልታስረዳ አፏን ከፈተች። ለማስረዳት ምራቅ እንደሚያስፈልግ ትዝ ሲላት ግን መልሳ ዘጋችው።

«አለሁ» አለች በአጭሩ።

በመስኮቱ አንገቷን ያሰገገችው የክፍሏ ልጅ ሊዲያ ነበረች። ክዳን ያላትን ትንሽ የብረት ሳህን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠች። «የአባባን ፉል ቶሎ ስጪኝ እባክሽ። ቅዳሴው ዛሬ አላልቅ ብሎ፣ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ እንኳ በአፋቸው አልዞረም። እኔማ በቁሜ ሞቻለሁ።»

«አንቺ ምሳሽን በልተሽ የለ?»

«በልቻለሁ። ግን እሳቸውን ሳይ ይደክመኛል።»

ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ አንድ ላይ ገጥመዋል። መርሳ ከተማ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ የሚያኝክ ሰው ማየት የፈለገ፣ ወይ ሕፃን ወይ መንገደኛ ሹፌር መጠበቅ ነበረበት። የፈይሩዝ እናት የሀስና ፉል ቤት ግን ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ሥራ በዝቶበታል። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ያስቀደሱት ይመጣሉ፤ የእነሱ ፉል በዘይት ነው። አመሻሽ ላይ ደግሞ ለማፍጠሪያ የሚወስዱት ይሰለፋሉ፤ የእነሱ በቅቤ ነው። ባቄላው አንድ፣ ምድጃው አንድ፤ ድስቱና ጭልፋው ግን ለየብቻ።

የጾሟ ጭልፋ እጀታዋ ላይ ሰማያዊ ክር አለባት። ክሩን ያሰሩት የሊዲያ አያት አቶ ደምሴ ናቸው። ሀስና ፉል ቤቱን የከፈተች ሰሞን ከማተብ የተረፈ ክር ይዘው መጡና፣ «እንግዲህ ይቺ የኛ ናት፤ ቅቤ እንዳታሳያት» ብለው በገዛ እጃቸው አሰሩላት። ከዚያም ቁጭ ብለው በሉ። እሳቸው የበሉበትን ቤት የሚጠራጠር ሰው ስለሌለ፣ የሰፈሩ ክርስቲያን ሁሉ ከዚያ ወዲህ በጾም ቀን እዚያ ይበላል። ሀስና ሌላ ማስታወቂያ ለጥፋ አታውቅም። ያቺ ክር በቅታታለች።

ዛሬ ሀስና የለችም። የታመመች እህቷን ልትጠይቅ በጠዋት ወልድያ ሄዳለች። ስትወጣ፣ «እሳቱ እንዳይጠፋብሽ፤ ሰው እንዳታስጠብቂ፤ ጭልፋዎቹን እንዳትቀላቅዪ» አለች። የመጨረሻውን ሚኒባሱ ውስጥ ከገባችም በኋላ በመስኮት ደገመችው። ፈይሩዝን አምናት ቤቱን ለብቻዋ ስትተውላት ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ፈይሩዝ ከንጋት በፊት ለስሁር ምግብ ከተነሳች ወዲህ ጎኗን አላሳረፈችም። ከስሁሩ በኋላ የባዮሎጂ ፈተና፣ ከፈተናው በኋላ ይህ ጭስ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እየቀመሰች ትሠራ ነበር። በረመዳን ግን ጨው መብዛቱን የምታውቀው ከሚበላው ሰው ፊት ነው።

የሰዉን አበላል ደግሞ አንድ በአንድ ታውቀዋለች። የከባድ መኪና ሹፌሮች ቃሪያውን ከፉሉ እኩል ነው የሚበሉት፤ ግንባራቸው ላብ ካላወጣ እንደበሉ አይቆጥሩትም። ባጃጅ ነጂው ዓሪፍ እንቁላሉ መሐል፣ እርጎው ዳር ላይ ካልሆነለት ያኮርፋል። የባንክ ቤት ልጆች አቦካዶ ያስጨምሩና ፎቶ ያነሱታል፤ ፎቶው እስኪያልቅ ይቀዘቅዝና «ሞቅ አርጊልን» ይላሉ። ጎመን ሻጯ ውባለም ፉልን በእንጀራ ትበላለች። ሀስና ይህን እንደ ስድብ ነው የምታየው፤ ግን ውባለም እንጀራውን ከቤቷ ይዛ ስለምትመጣ ምንም ማለት አልተቻለም።

አቶ ደምሴ ጥርስ የላቸውም። የሳቸው ባቄላ በትንሽ ድስት ለብቻው ከሌላው አብልጦ ይበስልና፣ በጭልፋ ጀርባ ገንፎ እስኪመስል ይደቆሳል። ሽንኩርት የለ፣ ቃሪያ የለ፤ ከላይ ዘይት ጠብ ይልበታል፣ በቃ። ሀስና የሳቸውን ስትደቁስ ሰው አታናግርም።

ፈይሩዝ ግን እየተናገረች ነበር። የማፍጠሪያውን ድስት ከፍታ፣ ቅቤው ከወዲሁ እንዲሰርገው እያማሰለች ሳለ፣ ሊዲያ በመስኮቱ ፈተናውን ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀመረችው።

«ያችን የመጨረሻዋን ምን አልሽ?»

«ኩላሊት።»

«ስለ ቅጠል እኮ ነው የሚጠይቀው!»

«ኩላሊት አልኩ አልኩሽ።»

ሊዲያ መስኮቱን ይዛ ሳቀች። ፈይሩዝም የሚስቅ ሰው ፊት አበጀች፤ ድምፅ ለማውጣት አቅም አልነበራትም። የማፍጠሪያውን ድስት ከደነች፣ ወደ ትንሿ ድስት ዞረች፣ ደቆሰች፣ ሳህኗ ላይ ገለበጠች፣ ዘይት ጠብ አደረገችበትና ከድና ሰጠች። ሊዲያ ሳህኗን በሻሿ ጫፍ ይዛ አስፋልቱን ተሻገረች።

ወዲያው ውባለም እንጀራዋን በፌስታል ይዛ ገባች። ከኋላዋ መልካሙ መጣ፤ ሲሪንቃ እርሻ ምርምር የሚሠራ፣ የሚያወራው ሁሉ ዞሮ ዞሮ እህል ላይ የሚያርፍ ሰው ነው። ሁለቱም ተቀመጡ። ፈይሩዝ ሁለት ሳህን አነሳችና የጾሙን ትልቁን ድስት ከፈተች። ጭልፋውን ልትሰድ ስትል ዓይኗ ግድግዳው ላይ አረፈ።

ሰማያዊ ክር ያለባት ጭልፋ ምስማሯ ላይ ተሰቅላለች። ደርቃለች። እናቷ ጠዋት አጥባ እንደሰቀለቻት ናት።

ፈይሩዝ በእጇ ያለውን አየችው። ክር የለበትም። ከንፈሩ ቢጫ ሆኖ ያብረቀርቃል።

ጭልፋውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው፤ ቶሎ ብታስቀምጠው የሚጮኽ ይመስል። ትልቁን ድስት ገና በሱ አልነካችውም። ለማንም አልቀዳችም። የተበላሸችው የአቶ ደምሴ ሳህን ብቻ ናት፤ እሷም ሄዳለች።

«ታውቂያለሽ ፈይሩዝ» አለ መልካሙ ከኋላዋ፣ «እኛ የምንሞክረው ነጩ ቦሎቄ ወዴት እንደሚሄድ? ውጭ አገር። እዚያ በቆርቆሮ ያሽጉታል። በቲማቲም መረቅና በስኳር አብስለው፣ ጠዋት በተጠበሰ ዳቦ ላይ አፍስሰው ይበሉታል።»

«በስኳር?» አለች ውባለም። «ባቄላ በስኳር?»

«ቦሎቄ ነው።»

«ቢሆንስ? ምን ሆነው ነው?»

«ይጣፍጣል ይላሉ።»

«አንተ ቀምሰኸው ታውቃለህ?»

«እኔማ የማውቀው ዘሩን ነው።»

«በል እንግዲህ ይህን የምታውቀውን ብላ» አለች ውባለም፣ ፈይሩዝ ባለክሯን ጭልፋ አውርዳ የቀዳችላቸውን ሳህን ወደሱ እየገፋች። «ስኳር! እኛ ለሻይ አጥተን!»

ፈይሩዝ ባለክሯን ጭልፋ እንደያዘች ቀረች። ወደ አቶ ደምሴ ቤት ሮጣ ልትደርስባቸው አሰበች። ሊዲያ ግን ደርሳለች፤ ቤታቸው ከአስፋልቱ ማዶ ነው። ይሄኔ ስልኩ ጮኸ።

«ፈይሩዜ፣ እንዴት ነሽ? ሰው መጣ?»

«መጥቷል፣ እማ።»

«እኔ አሁን መሳፈሬ ነው። ኢንሻአላህ ለመግሪብ እደርሳለሁ። ደክሞሻል አይደል የኔ ልጅ? ጭልፋዎቹን አልቀላቀልሽም?»

ውባለም እንጀራዋን አጣጥፋ ፉሉ ውስጥ ትነክራለች። መልካሙ ሽንኩርት ይለቅማል። ሁለቱም ከስልኩ አንድ ክንድ አይርቁም።

«አልቀላቀልኩም» አለች ፈይሩዝ።

«አልሐምዱሊላህ! እኔ እኮ ዛሬ ነው ያመንኩሽ።»

ስልኩ ተዘጋ። ከንጋት ጀምሮ አንድ ጠብታ ውኃ እንዳትገባባት ስትጠብቀው ከዋለችው አፍ፣ ያ ቃል ያለ ማንም ከልካይ ወጥቶ ሄደ።

ሊዲያ የተመለሰችው መልካሙና ውባለም በልተው ከወጡ በኋላ ነው። ሳህኗ ባዶ ናት፤ ታጥባለች።

«አባባ ‹ጣፍጧል በያት› ብለውኛል። ‹እጇ እንደናቷ ሆነ› አሉ። እኔ ውኃ ቀድቼ እስክገባ ጨርሰውታል።»

ፈይሩዝ ዱካው ላይ ተቀመጠች። «ሊዲያ፣ በቅቤው ጭልፋ ነው የደቆስኩላቸው።»

ሊዲያ ሳህኗን አየች። ከዚያ ጭልፋዎቹን። ከዚያ በሩን፣ ሰው ይኖር እንደሆነ።

«እና?» አለች።

«እና ምን? መንገር አለብኝ።»

«አታካብጂ! ስንት ቅቤ ነው በጭልፋ ጀርባ የሚገባው? ደግሞ እኔ አባባን አውቃቸዋለሁ። ከሰሙ ነገ በጠዋት ንስሐ አባታቸው ዘንድ ናቸው። ስግደት ይሰጧቸዋል። ጉልበታቸውን አይተሽዋል? ከወንበር ሲነሱ እንደ በር ነው የሚጮኽ። ለማን ብለሽ ነው?»

ፈይሩዝ ባዶዋን ሳህን ከሊዲያ እጅ ተቀበለች።

«ቆይ ደግሞ፣ ሁለተኛ ከዚህ ይበላሉ ብለሽ ነው? እሳቸው ከቀሩ ማን ይመጣል? ከዚህ ጾም በኋላም ሌላ ጾም አለ። እናትሽስ ምን ትበላለች? በሰላም አምናሽ ሄዳ በሰላም ብትመለስ ምን አለበት?» ሊዲያ እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገችላት። «እሳቸው ሳያውቁ ነው የበሉት። ሳያውቁ ከሆነ ምንም የለም። አንቺ ራስሽ ባለፈው ትምህርት ቤት ቧንቧ ጋ ረስተሽ ጠጥተሽ ምን አልሽ? ‹የረሳ ሰው ጾሙ አይፈርስም› አላልሽም?»

«ብያለሁ።»

«ይኸው!»

«ማነው ያስታወሰኝ?»

ሊዲያ የሻሿን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠመጠመች።

«ከግቢው ማዶ ሆነሽ ‹ፈይሩዝ ጾም ነሽ እኮ!› ብለሽ የጮኽሽው አንቺ ነሽ። ዳይሬክተሩ ሳይቀር ዞሮ አየኝ። ዝም ብለሽ ብታስጠጪኝ ይሻል ነበር?»

«ያ ሌላ ነው።»

«በምኑ?»

ሊዲያ ብዙ አሰበች። «ውኃ ነው» አለች በመጨረሻ፤ ራሷም አላመነችበትም።

ፈይሩዝ ተነሳች። ከጾሙ ትልቅ ድስት አንድ ጭልፋ ባቄላ በንጹሕ ጎድጓዳ ሳህን ቀዳች። አልደቆሰችውም። የዘይቱን ጠርሙስ ብብቷ ውስጥ ሸጎጠች፤ ባለክሯን ጭልፋ በእጇ ያዘች።

«ቤቱን ጠብቂልኝ። የማፍጠሪያ የሚጠይቅ ከመጣ፣ የግራው ድስት ነው። በዚያኛው ጭልፋ።»

«አይ እኔና ጭልፋ!» አለች ሊዲያ፤ ግን ተቀመጠች።

ከውጭ ፀሐይዋ ዝቅ ብላለች፤ ሙቀቱ ግን ገና አልወረደም። አስፋልቱ ዳር የቆመው ዓሪፍ ከባጃጁ ውስጥ ብቅ አለ። «ማንን ልትደበድቢ ነው በጭልፋ?» አላት። ፈይሩዝ አልፋው ሄደች። ምራቋን ለሚቀጥለው ንግግር እያጠራቀመች ነበር።

አቶ ደምሴ ደጃፋቸው ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ደረቅ ዳቦ በሻይ እየነከሩ፣ እስኪርስ ጠብቀው ይውጣሉ። እግራቸው ሥር ድመታቸው ተጋድማ ጢሟን ትልሳለች።

«እንዴት ዋሉ አባባ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት ዋልሽ ፈይሩዜ? ሀስና ደረሰች?»

«መንገድ ላይ ናት። አባባ፣ ያ የቅድሙ ፉል…»

«ጣፍጧል ብያለሁ እኮ። ሊዲያ አልነገረችሽም?»

«ነግራኛለች። በቅቤው ጭልፋ ነው የደቆስኩት።» ቃሉ ከታሰበው በላይ ቶሎ ወጣ። «ሳላስተውል ነው። ካወቅኩት በኋላ ግን ቶሎ አልመጣሁም። ይቅር ይበሉኝ።»

አቶ ደምሴ ዳቧቸውን ሻዩ ውስጥ ረሱት። እሷን አዩ፤ ቀጥለው ድመቷን አዩ።

«ጣፍጧል ያለችው እሷ ናት» አሉ።

ፈይሩዝ አልገባትም።

«ገና ወደ አፌ ሳስጠጋው ሸተተኝ። እኔ እኮ ጥርስ ነው ያጣሁ፣ አፍንጫዬ አለ። ሊዲያን ውኃ ቅጂ ብዬ ላክሁና ለሷ ገለበጥኩላት። ይኸው ከዚያ ጀምራ ጢሟን እንደላሰች ናት፤ እንዲህ ያለ ሁዳዴ አይታ አታውቅም።»

«እና ርቦዎት ነው የዋሉት?»

«ጾም አይደል? ትንሽ ጨመርኩበት።»

ፈይሩዝ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። «ታዲያ ለምን ጣፍጧል አሉ?»

«ምን ልበል? ሊዲያ የልጅ ልጄ ናት፣ እወዳታለሁ፤ አፏ ግን ወንፊት ነው። እሷ ከሰማች መርሳ ሰማ፣ ግራና ሰማ። እናትሽ ይህን ሁሉ ዘመን ስታበላኝ አንድ ቀን አሳስታኝ አታውቅም። በአንድ ጭልፋ ስሟን ላንሳ? ‹ነገ ሄጄ ለብቻዋ እነግራታለሁ› ብዬ ነበር።» ዳቦው ሻዩ ውስጥ ፈርሶ አገኙትና ብርጭቆውን ወደ ጎን አሉት። «ስግደቴንስ አላመልጠውም። ቅቤው አፌ አልገባም፤ ውሸቱ ግን ከአፌ ወጥቷል። ለንስሐ አባቴ እሱን እነግራለሁ።»

ፈይሩዝ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠችና ባለክሯን ጭልፋ ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። አዩ፤ ክሩን በጣታቸው ነካ አደረጉት። ደብዝዞ ግራጫ ሊሆን ተቃርቧል። ከዚያ እፊታቸው ባቄላውን ደቆሰችው። ክንዷ እየዛለባት፣ እያረፈች፣ አንዲት ፍሬ እስከማትቀር። ሰው አላናገረችም። ዘይቱን ጠብ አደረገችና ሰጠቻቸው።

ከመጉረሳቸው በፊት አማተቡ። ጎረሱ። በድዳቸው አላመጡት።

«ጨው በዝቶበታል» አሉ።

«ይቅርታ፣ መቅመስ ስለማልችል…»

«አብሽሪ። አሁን እውነቱን ነው የነገርኩሽ ለማለት ነው።» ደግመው ጎረሱ። ድመቷ ብድግ ብላ ሳህኑን አሽትታ ተመልሳ ተኛች። «እናትሽ ታውቃለች?»

«በስልክ ጠይቃኝ ነበር። አልቀላቀልኩም ብያታለሁ።»

አቶ ደምሴ ሳህኑን በጣታቸው ጠርገው ጨረሱ።

«እንግዲህ እኔ አልናገርም» አሉ። «ሊዲያንም ዝም አሰኛታለሁ፤ በምን እንደሆነ ባላውቅም። ከዚህ ደጃፍ አያልፍም። በይ ሂጂ፣ ሰዓትሽ ደርሷል። አንቺም እንደ ሰው ውኃ ጠጪ።»

ፈይሩዝ ሳህኑንና ጭልፋዋን ይዛ ተነሳች። መንገዱ ወደ ታች ነው፤ እግሯ ብቻውን ይሄዳል። ቀለል ብሏታል። ጉዳዩ ተዘግቷል፤ ሽማግሌው ይቅር ብለዋታል፤ የሚያውቅ የለም። ገብታ ጭልፋዋን አጥባ ምስማሯ ላይ ብትሰቅላት፣ ቀኑ እንዳልነበረ ይሆናል።

አስፋልቱ ጋ ስትደርስ ከወልድያ የመጣው ሚኒባስ ቆመ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ፌስታል ወረደ፣ ከዚያ ሌላ ፌስታል፣ ከዚያ ሀስና። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። እሷም ጾማ ነው የዋለችው፤ በዚያ ላይ የሆስፒታል ወንበርና የሚኒባስ ወንበር። ልጇን ስታያት ግን ፈገግ አለች።

ከዚያ ጭልፋዋን አየች።

«ጭልፋዬን ይዘሽ የት ትዞሪያለሽ?»

መልሱ ብዙ ነበር። ለአቶ ደምሴ ልጨምርላቸው። እጀታው ላልቶ ላሠራው። ክሩ ደብዝዞ ሌላ እንዲያስሩልኝ። ሁሉም ያምራል፤ ሁሉም ይታመናል፤ አቶ ደምሴም «እውነቷን ነው» ይሏታል፤ ለነገ ስግደታቸው አንድ ይጨምሩበታል።

ከመስጊዱ የድምፅ ማጉያው ተንኳኳ፤ ሙአዚኑ ጉሮሮውን ጠረገ። ሀስና ቦርሳዋ ውስጥ ገብታ ሁለት ተምር አወጣችና አንዱን ለፈይሩዝ አቀበለቻት። አዛኑ ጀመረ።

«ቢስሚላህ በይ፣ ብዪ እንጂ። ከንፈርሽ ደርቋል።»

ፈይሩዝ ተምሩን ያዘችው። ጣቶቿ ላይ ተጣበቀ። ምራቋ መጣ፤ ቀኑን ሙሉ ስትፈልገው የነበረው አሁን ነው የመጣው።

«እማ» አለች፣ «ቅድም በስልክ ያልኩሽ…»

ሀስና የሷን ተምር ከአፏ አጠገብ አድርጋ ቆመች። በመካከላቸው የባጃጅ ጭስ አለፈ። ፈይሩዝ ጭልፋዋን በክሩ በኩል አዙራ ለእናቷ ሰጠቻትና ቀጠለች።